ማንኪያ

አስፋልቱ አለቀ ከወፍጮ ቤት ጓሮ፤
ጎማችን ማውራት ያዘ በጠጠር ጉሮሮ።
የላትቪያ ሐምሌ፤ አጃው ቆሞ ይነዳል፣
ራዛ ከትራክተር ኋላ ኋላ ይሄዳል።

አራት ነን፣ አራት ሞተር። ሕጋችን አንዲት ናት፤ በእርሷም
የፊተኛው አቧራ ካልሰከነ ማንም አይነሣም።
መንታ መንገድ ሲመጣ ያገኘው ይቆማል፣
ኋለኛው ብቅ ሲል በእጁ ይጠቁማል።

ስለዚህ አብረን ነን እንጂ አንተያይም፤
ቀኑን ሙሉ ወዳጅ ማለት ለኔ
ከጥድ በላይ የቆመ ቢጫ ደመና ነው ባይኔ።

የጊርትስ ቀጭን ነው፤ የሒሳብ መምህር፣
ሲጋልብ እንኳ ያሰምራል ከጫፍ እስከ ጫፍ መስመር።
የባይባ ይቆረጣል፣ እንደገና ይቀጥላል፤
ጉብታ ያየ ጎማዋ መሬት ትቶ ይዘላል።
ቪልኒስን "አባ ኩሬ" አልኩት በፈረስ ስም ወግ፤
ኩሬ ሲያይ አይዞርም፣ ይገባል በማዕረግ።
"ፈረሱስ የት አለ?" ብሎ ጠየቀኝ፣
ያረጀ ያማሃውን ቸብ አድርጎ አሳቀኝ።

ከሐይቁ ማዶ መንታው ላይ ቆምኩኝ፤
ሞተር አጥፍቼ የራስ ቁሬን አወለቅኩኝ።
አምስት የፖስታ ሳጥን በአንድ እንጨት ላይ፣
ሁለቱ ስም የላቸው፤ ክዳናቸው ወደ ሰማይ።
ብረቱ ሲበርድ ቲክ፣ ቲክ ይላል፤
ከጥዱ ውስጥ ግንደ ቆርቁር ይመልስለታል።

አቧራዬ ሰከነ።
የቪልኒስ አልመጣም።
አምስት ደቂቃ።
አሥር።

ጠዋት ሙሉ በጥርሴ መሐል የፈጨሁትን፣
ምራቄን እየተፋሁ የረገምኩትን
ያንን አቧራ ናፈቅኩት፤
ና፣ ዐይኔን ሙላው አልኩት።

ዞርኩ። ከድልድዩ ወዲህ ያማሃው ቦይ ውስጥ ወድቋል፤
የፊት ጎማው ብቻውን ቀስ እያለ ይሽከረከራል።
ሰውዬውስ?
ሰውዬው ከፖም ዛፍ ሥር፣ ከአንዲት ባልቴት ደጃፍ
ሾርባ ይጠጣል፣ ቀይ ሥር በእርጎ፤
ጢሙ ሮዝ ሆኗል ከዳር እስከ ጫፍ።
"ሚዳቋ ናት" አለኝ፤ "እርሷ ጫካውን መረጠች፣
እኔ ቦዩን።"

የፍሪሲዮኑ እጀታ ከሥሩ ተቆርጧል።
"ትርፍ አለህ?"
"አለኝ፤ ሪጋ፣ ጋራዥ ውስጥ ተቀምጧል።"

ጊርትስና ባይባም መጡ፣ አቧራዬን አጥተው፤
ዝም አሉ፣ ስብራቱን እንደ ሐኪም አጎንብሰው አይተው።
ባልቴቷ ቬልታ አንድ በአንድ አየችን፤
ከቪልኒስ እጅ ማንኪያውን ነጠቀች፣ በሽርጧ ጠረገች፣
"ይህስ?" አለች፤ ከልብስ ማስጫዋም ሽቦ ቆርጣ ሰጠችን።

ወፍራም ማንኪያ ነው፣ የኮልኮዝ ምግብ ቤት ማኅተም ያለበት።
ባይባ አሰረችው፤ ጊርትስ ርዝመቱን ሁለቴ ለካበት፤
ቪልኒስ ጨበጠው፤ ማርሹ ገባ፤ ዶሮው ሁሉ በረገገበት።

"ስድስት ነበሩ" አለች፤ "አምስት ቀሩኝ። አትርሱ።
በሰኔ፣ ቀይ ሥሩ ሲደርስ፣ እናንተም ድረሱ።"

ያን ማታ የመጨረሻው ጋላቢ እኔ ነበርኩ።
ሕጉን አፈረስኩ።
ሳይሰከን ገባሁበት፣ የራስ ቁሬን መስተዋት ገልጬ፣
የአባ ኩሬን አቧራ እስከ ቫልሚየራ መግቢያ ጠጥቼ።

አሁን ጥር ነው። መንገዱን በረዶ በልቶታል።
ቪልኒስ አዲስ እጀታ ገዝቶ መሳቢያ ውስጥ ከቶታል፤
ከነላስቲኩ፣ ከነዋጋው።
ለምን አልገጠምከውም ያለው የለም ከመካከላችን።

ትናንት ጋራዡ ገብቼ ማንኪያውን ጨበጥኩት፤
ይቀዘቅዛል።
በአራቱ ጣቶቹ ልክ ጎብጧል፤
ለሾርባ መሆኑን እንጃ።
ከሽቦው ሥር ግን፣ ጨርቅ ከማይደርስበት፣
አሁንም ትንሽ ሮዝ አለበት።