አንድ ቀርቷል

ጅማ ዝናብ ስትጠግብ፣ አዌቱ ድልድዩን ሲልስ፣
እኔ ከመዝገብ ቤቱ ነኝ፣ ከጥቁሩ መስኮት ፊት፣ ጣቴ ቁልፍ ሲዳብስ።
አራት ሺህ ሁለት መቶ አሥራ ስድስት የይዞታ ፋይል
ከአሮጌው ማሽን ወደ አዲሱ፣ በአንድ ሌሊት ይሻገር ይላል የአለቃ ቃል።

ጻፍኩለት ትእዛዙን፣ መስመር በመስመር ደርድሬ፦
«ሂድ፣ ቅዳ፣ ተመለስ፣ ቀጣዩን ያዝ» ብዬ መክሬ።
ከጫፉ ላይ አንዲት ሐረግ አከልኩ፣ እንቅልፍ ሲያሸንፈኝ፦
«ስህተት ካገኘህ ጣለው፤ ወደ ባዶ ወርውረው፤ እኔን አትቀስቅሰኝ።»

ዝም አይነቅዝም አይደል የሚባል? እኔም ዝምታን አመንኩ።
ሹራቤን ተከናንቤ ወንበር ላይ አደርኩ፤
ሲነጋ «ተጠናቋል» የሚል አነበብኩ።
አለቃችን አቶ ሙክታር ፈረሙ፤ እጄን ጨበጡ፤
«አሮጌው ማሽን ይነቀል» ብለው ቀን ቆረጡ።

በሦስተኛው ቀን ከጅሬን፣ ጃንጥላዋ አንድ ሽቦው የተሰበረ፣
አዴ ሸምሲያ መጣች፤ ደጅ ጥናቷ ሦስት ክረምት የተሻገረ።
«ስሜን ፈልጊልኝ፣ ልጄ።»
ፈለግኩ። ስሟ የለም።
በአባቷ፣ በቀበሌዋ፣ በቁጥሯ ፈለግኩ። የለም።
«መሬቴ ግን አለ» አለች። «ዛሬ ጠዋት ረግጬው ነው የመጣሁ፤ የትም አልሄደም።»

ነቀዘ እንግዲህ ዝምታው። የጣልኩትን ስህተት
ባዶን ማን ይጠይቀዋል? ባዶ አያውቅም መመለስን፣ ምስክርነት።
ትእዛዙን እንደገና ጻፍኩት፤ አሁን ግን በየእርምጃው
«ምን ሆንክ?» ብሎ እንዲጠይቅ፣ መልሱንም እንዲመዘግበው።
ለማሽን ዜሮ ማለት ደኅና፤ ባዶ እጅ ማለት ምስራች፤
አምስት ሲል ግን፣ በሩ አለ፤ ቁልፊቱ የሰው ናት፣ እዚህ ያልተገኘች።
አንዱ ቢከለከል ሌላውን አያስቁም፣ ትእዛዙ አልፎ ይሂድ፤
የተከለከለው ስም ግን ከዝርዝሩ አይውረድ።

ሠላሳ ሰባት ስም ወጣ። አምስት፣ አምስት፣ አምስት እያለ፤
ከሁሉም ጎን ባለቤቱ፦ ተማም አባ ገሮ፣
ጡረታ የወጣ፣ በማሽኑ ውስጥ ግን ዛሬም ያለ።
አለቃው «በእኔ ስም ግቢ» አሉ፤ «ሁሉን ክፈቺ፣ ገላግዪን።»
በአለቃ ስም የማይከፈት የለም፤ እሱ ነው የሚያሰጋን።

በባጃጅ ወደ ቆጪ ወረድኩ፣ ጭቃው ጎማ እየበላ።
ጋሽ ተማም በረንዳ ላይ ራዲዮ በትኖ፣ ብሎን ይለቅማል ከመነጽሩ ኋላ።
ዝርዝሩን ሰጠሁት። አነበበ። በጣቱ ተከተለ።
«አልረሳኋቸውም» አለኝ። «እኔ ነኝ የቆለፍኳቸው፤
ድንበር የሚገፋ እጅ ነበር፣ ወደ መዝገብ የዘለለ።»

እኔ ስህተት ያልኩት ነገር፣ ለካ ጥበቃ ነበር፤
ማሽኑ አምስት እያለ የጮኸው፣ የአንድ ሰው አደራ ሲያከብር።

በማግስቱ መጣ፣ ኮቱን ከዝናብ አራግፎ፤
በአንድ ጣት ጻፈ፣ በየስሙ ቆመ፣ ወረቀቱ ላይ ፈርሞ አልፎ።
ሁሉንም በአንዴ አልከፈትንም። አንዱን ከፍተን፣ ቀድተን፣ መልሰን ዘጋን፤
አዴ ሸምሲያ አሥራ ዘጠነኛ ነበረች፤ እሷ ጋ እስክንደርስ ምሳ አልበላን።

የመጨረሻው ፋይል ላይ ጋሽ ተማም እጁን አነሳ።
«ይሄን አልከፍትም፤ ፍርድ ቤት ነው። ውሳኔው እስኪመጣ ይቆይ፤
ግን አይረሳ።»

ማታ ትእዛዙ ሲያበቃ፣ «ተጠናቋል» የሚለውን ፍቄ
በቦታው ሌላ አስቀመጥኩ፣ ቃሉን ተጠንቅቄ፦

ሠላሳ ስድስት አልፈዋል።
አንድ ቀርቷል።
ምክንያቱ ተጽፏል።

ዘበኛው ኬኔሳ መብራት ሊያጠፋ መጣ።
«ጨረስሽ?»
«አልጨረስኩም» አልኩት፤
ጃንጥላዬን አንስቼ ወጣሁ፣ ወደ ዝናቡ፣ ያለ ቁጣ።