የሚተነፍስ ጣራ

መሐል ሜዳ ገበያ፣ ከምስር ሻጩ ዘንድ፣
ድንኳኔን ሰቀልኩት ከሚዛኑ ክንድ።
«አራት ኪሎ ተኩል» አለ እየሳቀብኝ፣
«ምስር ቢሆን ኖሮ ወር ባጠገበኝ።»

ቀይ ቀበሮ ቆጣሪ ነኝ፤ ሥራዬ መራመድ፣
ቤቴን እንደ ኤሊ በጀርባዬ መውሰድ።
ኤሊስ አብሯት አድጓል፣ አጥንቷ ነው ቤቷ፤
እኔን ነው ያጎበጠኝ የሷ ብልሃቷ።

መጀመሪያ ላስቲክ።
ሽንኩርት የሚነጠፍበትን፣ ሰማያዊውን፣
ሁለት ሜትር ተኩል በሦስት ቆርጬ፣
በገመድ ወጥሬ፣ በድንጋይ ረግጬ፣
ገባሁ።
ዝናብ አልገባም። ነፋስም አልገባም።
እኩለ ሌሊት ላይ ግን ግንባሬ ላይ ጠብ አለ፤
ብቅ ብዬ ባይ ኮከብ ነው፣ ደመና የት አለ?
የገዛ ትንፋሼ፣ መውጫ ተከልክሎ፣
ላስቲኩ ላይ በርዶ፣ ጠብታ አክሎ፣
መልሶ ዘነበኝ።
ማንን እከሳለሁ?

ቀጥሎ አቡጀዴ። ትንፋሽ ያሳልፋል፤
ዝናቡንም እንዲሁ፣ በትሕትና፣ ያሳልፋል።
ጠዋት ስሸከመው ያ ቀላሉ ሸማ
እንደ እርጥብ በግ ሆኖ ጀርባዬን አደማ።

ዘነበወርቅ ጃንጥላ ትጠግናለች፣
ከመናኸሪያው አጥር ጥግ፣ በርጩማ ላይ።
ስሟ ዝናብ፣ እንጀራዋም ዝናብ።
«ሐምሌ ካልጨከነ ጦሜን አድራለሁ»
ትላለች፣ ሽቦውን በጥርሷ ነክሳ።
ችግሬን ስነግራት ቀና እንኳ አላለችም።
«ያንን ቤት እየው» አለችኝ በአገጯ።
«ክዳኑ ጓሳ ነው፤ ጠብታ አያስገባም።
ጭሱስ? በየት ወጣ?
መስኮት አላበጁ፣ ጣራው አልተቀደደ፣
በሣሩ መሐል ነው፣ ሹልክ እያለ የሄደ።
ጣራ ማለት፣ ወንድሜ፣
የሚመጣውን መልሶ
የሚሄደውን የማይዝ ነው።»

ከዚያ ቀን ጀምሮ እስከ ጳጉሜን ድረስ
ሰባራ ጃንጥላ ለቀምን።
ጥቁሩ የጡረተኛው ዳኛ፣
አበባ ያለበት የአንዲት ሙሽራ፣
ሁለቱ የባንክ ስም የተጻፈባቸው።
ጨርቁን ገፈን፣ አጥንቱን ለካስማ አስቀርተን፣
እንደ ሣር ክዳን ደራረብነው፦
ላይኛው ታችኛውን ስንዝር እንዲያለብሰው፣
ከንፈሩ ሳይሰፋ፣ ሦስት ጣት ተከፍቶ
ትንፋሽ እንዲወጣ፣ ቁልቁል ተደፍቶ።
ስፌቱን በጧፍ ሰም አሸነው።
ምሰሶው ዱላዬ ነው።

እርሷ ትቆርጣለች፣ እኔ ተጋድሜ እለካለሁ፣
መንገደኛው ቆሞ ያያል።
«እንደ ሬሳ አትዘርጋ! ጉልበትህን እጠፍ!
ሰው ሲበርደው ያጥራል!»
እውነቷን ነው። አንድ ክንድ ጨርቅ ተረፈ።

ምስር ሻጩ ዘንድ ደግሜ ሰቀልኩት፤
መርፌው ቸል ሲለው በዓይኔ ተከተልኩት።
«ስምንት መቶ ግራም» አለ፣ አሁን ሳይስቅ፣
በጣቱ እየዳሰሰ የባንኩን ስም ጨርቅ።

ከመስቀል ማግሥት ጓሳ ላይ አደርኩ።
ጀርባውን ለነፋሱ፣ አፉን ለሸለቆው ሰጥቼ፣
ጉልበቴን አጥፌ፣ እንደታዘዝኩ ተኝቼ።
በረዶ ወረደ፤ የዳኛው ጥቁር ጨርቅ
ችሎት እንደ ያዘ፣ ዝም ብሎ ሰማው።
ከዚያ ጉም። ከዚያ ጸጥታ።
አንዴ የሆነ ነገር ሣሩን ገፋ፣ አሸተተ፣ ሄደ።
ጠዋት አሻራው ከራስጌዬ አንድ ክንድ ርቆ ነበር፤
ቆጠራው ላይ ጻፍኩት፦ አንድ።

ግንባሬን ዳሰስኩ። ደረቅ።
ፀሐይዋ በሙሽራዋ አበቦች ገብታ
ብርድ ልብሴን ቀለም ቀባችው፣
ትንፋሼም በሦስቱ ጣት ክፍተት፣ ሹልክ፣
ነጭ ሆኖ፣ ሳይቸኩል፣ ወደ ጉሙ ወጣ።
ያን ሰዓት በማዶ የሚያልፍ ቢኖር
«እዚያ ቤት ሰው አለ፣ ጭሱ ይታያል» ይል ነበር።

ግራ እግሬ ግን ረጥቧል፣ እስከ ቁርጭምጭሚቴ።
ለዘነበወርቅ የምነግራት አለኝ።