ኩላሊት ያመላለሰው

እሑድ፣ ማክሰኞ፣ ሐሙስ፣ ገና ሳይገፈፍ ጭጋጉ፣
ከጊቭአት ሃሞሬ ቁልቁል፣ በጧቱ አውቶቡስ፣
የአፉላን የሱፍ ፍሬ ሻጮች አልፌ፣ ዕቃቸውን ሳይዘረጉ፣
እገባለሁ ከዚያ ክፍል፣ የሰው ደም ታጥቦ ሲመለስ።

ደረቴ ላይ መታወቂያ፤ ስሜ፣ ከሥሩ «ደጋፊ»።
ስድስት ዓመት ግን ነበርኩ የዚሁ ክፍል ተሰላፊ፣
አራተኛው ወንበር ላይ፣ ክንዴ ለመርፌ የተሰጠ፣
ጣሪያውን ሰድር በሰድር ስቆጥር፣ ቁጥሩ ሁሌ እየተለወጠ።

አንድ ሌሊት ስልክ ጮኸ። ከማላውቀው ቤት ልቅሶ፣
ለእኔ ግን ኩላሊት መጣ፣ በረዶ ለብሶ።
የሃያ ሁለት ዓመት ልጅ ነው አሉኝ፤ ሌላ አልነገሩኝም።
እኔም አልጠየቅሁም።

ሰው «ልብ ያሰበውን፣ ኩላሊት ያመላለሰውን» ይላል።
ልቤስ የራሴ ነው፣ የሚያስበውን ያስባል፤
ይህ ሆዴ ሥር የተሰፋው እንግዳ ግን
የማንን ሐሳብ ያመላልሳል?
ሌሊት የሚቀሰቅሰኝ፣ ማን ነው የሚጣራው እኔን ፈልጎ?
ሟቹ ልጅ ነው? አቶ ባየሁ? ወይስ እማማ ትርንጎ?

ሥራዬ መቀመጥ ነው። ለሐኪሙ የዕብራይስጥ ምላስ፣
ለነሱ የአማርኛ ጆሮ። «ሙዝ ተው፣ ጨው ቀንስ፣
ድንቹን ሁለቴ ቀቅል፣ ውሃውን ድፋ፤
አይዞህ፣ እኔም እዚህ ነበርኩ፤ አይቁረጥ ተስፋ»
እላለሁ። ስንት መቶ ጊዜ ብያለሁ!
ታሪኬ እንደ አሮጌ ሳንቲም ነው፣ መልኩ ተፍቆ፤
አንዳንዴ የሌላ ሰው ይመስለኛል፣ ስሰማው ከአፌ ርቆ።

ሐሙስ ዕለት አራተኛው ወንበር ባዶውን አረፈደ፤
ሩላ፣ የናዝሬቷ ነርስ፣ አየችኝ፤ ዓይኗ ወረደ።
እሑድ ያኢር ተቀመጠበት። ሃያ ሁለት ዓመቱ።
«ያልፋል?» አለኝ፣ ክንዱን እያየ።
«ያልፋል» አልኩት።
ለአቶ ባየሁም ያልኩት ይህንኑ ነበር።

ጎጆ ሲያዘም የሚያቆሙት ባላ አለ፤ ሰው ቀና ብሎ ጣሪያውን ያያል፣
ምስጥ ግን ከታች፣ ከባላው እግር ይጀምራል።
ሚስቴ አዝመራ «ሥራህን ደጅ አውልቀህ ግባ» ትላለች፣ እንደ ጫማ።
አወልቃለሁ። ሌሊት ግን በባዶ እግሩ ይገባል፣ ኮቴው ሳይሰማ።

ከሁሉ የከበደኝ ውሃው ነው።
ለነሱ በቀን የተፈቀደው ሁለት ብርጭቆ፣ ሦስት ቢበዛ፤
በረዶ ይመጥጣሉ፣ ከንፈር ያረጥባሉ፣ ሎሚ ያሸታሉ።
እኔን «ሦስት ሊትር ጠጣ፣ እንዳይደርቅብህ» ይሉኛል።
ስለዚህ ጠርሙሴን ከጃኬቴ ሥር ሸጉጬ፣
የሽንት ቤቱን በር ቆልፌ እጠጣለሁ፣ እንደ ሌባ ተቀምጬ።
ዓመት ሙሉ።

ማክሰኞ ዕለት ከዚያው ስመለስ
እማማ ትርንጎ በጣቷ ጠራችኝ፣
የሱዳንን በረሃ በእግሯ የጨረሰች፣ ጥምን በስሙ የምትጠራ።
«አገጭህ ላይ ውሃ አለ» አለችኝ።
ላብሰው እጄን ሰደድኩ። ያዘችኝ፣ መርፌ በሌለበት እጇ።
«ዓመት ሙሉ ተደብቀህ፤ ማንን ልታታልል ነው?
እዚህ ጠጣ፣ አጠገቤ። ቀስ ብለህ። ሲወርድ ድምፁን ልስማው።»

ጠርሙሱን አወጣሁ። ሰባት ወንበር ዞሮ አየኝ።
ያኢር ማዳመጫውን ከጆሮው ነቀለ።
መጀመሪያ ጉሮሮዬ እምቢ አለኝ፤
ኋላ ወረደ፣ ጉርጥ፣ ጉርጥ፣ እስከዚያ ልጅ ድረስ።
እሷ ዓይኗን ጨፍና ምራቋን ዋጠች፣
አንድ ጉንጭ ስጠጣ አንድ ጊዜ፣ ሳታዛንፍ።

«እፎይ» አለች፤ «አሁን ረካሁ።»
ሐሰት ነበር። ሁለታችንም አውቀናል።
የዚያን ሌሊት ግን ተኛሁ።