ጥላ በቱቦ

ስድስት ሰዓት ሲሆን ጎንደር ፒያሳ ላይ፣
ጥላ እግር ሥር ይገባል፣ ሸሽቶ ከፀሐይ።
ግንቡም ይሞቀዋል፣ አስፋልቱም ይለሰልሳል፤
ባለሱቁ ደጃፉን በጨርቅ ይጋርዳል።
ሳጅን አትጠገብ ግን መሐል አደባባይ
እጇን ዘርግታ ቆማለች፣ ፊቷን ሰጥታ ለሰማይ።

እሷ ናት ትናንት ማታ ደጄን ያንኳኳች፣
ከደንብ ልብሷ ኪስ ቱቦ ይዛ የመጣች።
«ጋሼ አስረሴ፣ ዓይንዎ ደህና ነው?
ጀርባውን ያንብቡልኝ፣ ፊደሉ ጉንዳን ነው።»

ሠላሳ ሁለት ዓመት ኬሚስትሪ አስተምሬ፣
የብልቃጥ ጀርባ አንባቢ ሆኜ ቀረሁ ዛሬ።
የሳል ሽሮፕ ይመጣል፣ የአረም ማጥፊያ ይመጣል፤
አንዳንዱም ጠጥቶ ከጨረሰ በኋላ ያስነብባል።

ሸምሱ ነው የሸጠላት፣ ከመስጊዱ ማዶ።
ስሙ በዐረብኛ ፀሐይ ነው፤
የሚሸጠው ጥላ።

ሁለት ቱቦ አስቀመጠች፣ ጠረጴዛው ላይ ጎን ለጎን፤
በአጉሊ መነጽር ጎነበስሁ፣ እንደ ዳኛ ልሆን።
ወርቃማው «ያቀላል፣ ማድያት ያጠፋል» ይላል ፊት ለፊት፤
ከጀርባው ግን ባዶ ነው፤ አልተጻፈም የገባበት።
«ስሙን የማይናገር እንግዳ ቤት አይገባም፤
ሜርኩሪ ይኑርበት አይኑርበት በዓይን አይታይም።
ይህን ጣይው» አልኋት።
ጣለችው። ሦስት መቶ ሃምሳ ብር፣
ቅርጫቱ ውስጥ ጠብ ሲል ሁለታችንም ሰማን።

ሁለተኛው ግን ደግ ነው፣ ስሙን ሁሉ ዘርዝሯል፤
ኦክሲቤንዞን ይላል፣ አቮቤንዞን ይላል፣
ከታች «መዓዛ» ይላል፣ የምን እንደሆነ ሳይል።
«ለፊቴ ብቻ ቢሆን አልጠይቅም ነበር» አለች፤
አራት ወሯ ነው ከወለደች።
«ሌሊት ሲጠባ ጉንጩ ከአንገቴ ይጣበቃል፤
ይሄ ነገር ጠልቆ፣ ጋሼ፣ ወተቴ ውስጥ ይገባል?»

ሠላሳ ሁለት ዓመት
ጥቁር ሰሌዳ ላይ ባለስድስት ማዕዘን ቀለበት ስስል፣
እንዲህ ያለ ጥያቄ የጠየቀኝ ተማሪ የለም።

«ምንም የለበት» ብዬ መሸኘት ይቻላል፤
«መርዝ ነው» ብዬ ደግሞ እንቅልፏን መንሣት።
ሁለቱም ከእውነቱ ይቀልላሉ።
እውነቱን ግን እንዲህ አልኋት፤
ከቆዳ አልፎ ደም ውስጥ ተገኝቷል፤
መገኘት መጉዳት ነው አልተባለም፣
አይጎዳም ብሎም የማለ የለም።
«ገና ይጠናል» ነው የሚሉት የሚያውቁት።
ገና።
ልጅሽ ግን ዛሬ ይጠባል።

ዝም አለች። ዝም አልሁ።
ውጭ አንድ ባጃጅ ጥሩንባውን ነፋ፤
ከልማዷ እጇን ልታነሣ ስትል አየኋት።

«ዚንክ ያለበት ፈልጊ፣ ከሆስፒታሉ በር ፋርማሲ።
ዚንክ ማለት ዚንጎ ነው፣ ጣሪያሽን የለበሰው።
ከላይ ይቀመጣል እንጂ ወደ ውስጥ ብዙም አይዘልቅም፤
ፀሐይን ደጅ ያስቀራል።
ለልጅሽ መቀመጫ የምትቀቢው ቅባት ውስጥም
ያው ዚንክ አለ፤ ያን ጊዜ አልጠየቅሽኝም።
አንድ ክፋት አለው፣ ያነጣል፤ እንደ ዱቄት።
ባርኔጣሽንም ሰፋ አድርጊው፣ ባርኔጣ ጀርባው አይነበብም።»

ሸምሱን ጠየቅሁት፣ ለምን ዚንክ አታመጣም ብዬ።
«ማን ይገዛኛል?» አለ። «ሰው መቅላት ነው የሚፈልገው፣
መንጣት አይፈልግም።»

በማግስቱ ስድስት ሰዓት፣ ጥላ እግር ሥር ሲገባ፣
ሳጅን አትጠገብ ፊቷ የጤፍ ዱቄት መስሎ፣
አንድ ባለባጃጅ አንገቱን አውጥቶ፤
«ሳጅን፣ ወፍጮ ቤት ነው ያደርሽ?»
እጇን አነሣች። አቆመችው።
ከነፀሐዩ፣ ከነሳቁ፣ አቆይታ አቆመችው።

ኦክሲቤንዞኑ እኔ ጋ ቀርቷል።
አልጣልሁትም፣ አልተቀባሁትም።
ከመጻሕፍቴ መሐል፣
እንዳልታረመ የፈተና ወረቀት
አስቀምጬዋለሁ።