ምንጭ ይጠቀስ

ማታ ማታ፣ ከጉምሩክ ሥራዬ መልስ፣
ፖርቶ፣ አራተኛ ፎቅ፣ የሻዬ ትኩሳት እስኪቀንስ፣
በዚያ ሁሉም በሚጽፈው መዝገብ፣ የማላውቀውን ሰው ገጽ ስዳብስ፣
አንድ ስም አገኘሁ፤ ዜፌሪኖ ታቫሬስ።

የሙርቶዛ ሰው ነው፤ በባሕር ሣር ለቃሚ ጀልባ ግንባር ላይ የሚስል፣
ቄሱን ከነቦርጩ፣ ሙሽራዋን ከነኩርፊያዋ የሚያስመስል፤
በብርድ ወራት ጨው የላሰውን፣ በፀደይ መልሶ የሚቀባ፣
ስሙን ግን ከቀለሙ መሀል፣ አንድ ቀን እንኳ ያላስገባ።

አራት አንቀጽ ነው ሁሉ። ጋዜጣ የለ፣ ኤግዚቢሽን የለ፣
«ሲነገር ሰምተናል» ብቻ፣ በየመስመሩ የተንጠለጠለ።
ደንብ ደንብ ነው። እኔም ከልቤ አምንበታለሁ፤
ራሱን በራሱ ያነገሠውን ስንቱን፣ በዚሁ ደንብ አውርጃለሁ።
እናም ለጠፍሁበት፣ እጄ እንኳ ሳይከብደኝ፦
«ምንጭ ይጠቀስ። ታዋቂነቱ አልታየኝ።»

በሦስተኛው ቀን መለሰች፤ ኦዴቴ፣ ልጁ ናት፣
ሳርዲን ማሸጊያ ፋብሪካ፣ ማሽን ላይ የምታመሽ ሴት።
«ምንጭ አልኸኝ፤ እዚህ ያለው ውሃ ሁሉ ጨው ነው፣
ምንጭ ቢያምረን ኖሮ፣ ተራራ ላይ ነበር የምንወለደው።
ታዋቂ ነው ወይ ካልህ፣ ሐይቁን ዞረህ ጠይቅ፤
የማያውቀው ዳክዬ የለም፣ አንተ ብቻ ነህ የማታውቅ።»

ሳቅሁ። ቀጥሎ ፎቶግራፍ ላከች።
ጀልባዋ በጎኗ ተጋድማ፣ እሱ ከሥሯ ተንበርክኮ፣
ብሩሹን በጥርሱ ነክሶ፣ አንድ ዓይኑ በፀሐይ ታውኮ፤
ከኋላው አንዲት ሕፃን፣ በጣሳ ውሃ ቀድታ፣
እሷው ናት፣ በሰባት ዓመቷ፣ የፊት ጥርሷን አጥታ።

«ማን አነሳው?» አልኋት።
«አንድ ጀርመናዊ መንገደኛ፣ በብስክሌት የመጣ።
በኋላ በፖስታ ላከልን። ስሙ ፖስታው ላይ ነበር፤
ፖስታውን እናቴ ምድጃ ለኮሰችበት።»

እንዴት ልበላት?
ፊቱ የአባትሽ፣ ብሩሹ የአባትሽ፣
ጣሳ የያዘችው አንቺው ራስሽ፤
ቅጽበቷ ግን የብስክሌተኛው ናት፣ መብቱ የእሱ ነው፤
ከሞተም፣ ሰባ ዓመት እስኪሞላው፣
ፈቃድ ሰጪው ወራሹ ነው።
ጻፍሁላት፤ አንቀጽ ጠቅሼ፣ ቁጥር ጠቅሼ፣ በትሕትና።
መልሷ አንድ መስመር ነበረች፦ «ፀሐይንም አስፈቅዷት እንግዲህ፣ እሷም ነበረችና።»

አንድ የፋሮ ጡረተኛ፣ አንድ የሬሲፌ ተማሪ፣
አንድ ስሙን የደበቀ፣ ሁሌ ሌሊት ተናጋሪ፣
ሌሎችም፣ እኔም፣ ድምፅ ሰጠን፤ አምስት ለሁለት። ገጹን ሰረዝነው።
የሰው ገጽ ሲሰረዝ፣ ድምፅ የለው፣ ደም የለው።

በመጋቢት፣ ከምስሎቹ ማኅደር፣ አንድ አዲስ ምስል ገባ፤
የጀልባ ግንባር ነው፣ ግማሹን ጨው የበላው፣ ግማሹ ያበባ።
የቄሱ ቦርጭ ቀርቷል፣ ራሱ ተልጧል፤
ሙሽራዋ እንዳኮረፈች ናት፣ ሰማያዊው ፈዟል።
ፈቃዱ ነጻ ነው፤ ማንም ይውሰድ፣ ይቅዳ፣ ይሽጥ፣ ያባዛ፤
ግዴታው አንድ ብቻ፣ የአንሺውን ስም አብሮ ይያዛ።
«የአንሺው ስም» በሚለው ክፍት ቦታ ላይ፣
ኦዴቴ አላለችም። የጻፈችው፦
«የዜፌሪኖ ታቫሬስ ልጅ።»

የሚከለክል ደንብ ፈለግሁ። እስከ ንጋት ፈለግሁ።

ባለፈው ሳምንት፣ ባቡር ጣቢያ፣ አንድ የጉዞ መጽሔት ገለጥሁ፤
ራስ የሌለውን ቄስ፣ ያኮረፈችውን ሙሽራ አገኘሁ፤
ከሥር፣ ጉንዳን በምታህል ፊደል፣ ስሙን አነበብሁ።
ነገም ሌላው ይጽፈዋል፣ ማን እንደሆነ ሳያውቅ።
ደንብ ደንብ ነው።
እኔም ከልቤ አምንበታለሁ።