ጃንጥላ ለቁጥቋጦ

ሠላሳ አንድ ዓመት ውሃ ነው ያደልኩት፣
በገፈርሳ ግድብ መዘውር ያዞርኩት።
ለጉለሌ ከፍቼ፣ ለኮልፌ ዘግቼ፣
በፈረቃ ሌሊት ዓይኔን አሽቼ፣
«ውሃ ጠፋ» ሲሉኝ መፍቻዬን አንሥቼ።

ጡረታዬ ደርሶ ቡራዩ ዳር ገባሁ፣
ከድንጋይ መፍለጫው ጉብታ ሥር ሰፈርሁ።
መሬቱ ጠጠር ነው፤ አካፋ ያስጮኻል፤
ድንች ብትቀብርበት ድንጋይ ያበቅላል።

ቶለሳ፣ መንገድ ዳር ችግኝ የሚሸጠው፣
ከጥቁር ላስቲኮች አንዷን መርጦ ሰጠኝ፦
«የአለት ጽጌረዳ ትባላለች፣ ጋሼ።
ዘሯ ከባሕር ማዶ ነው።
ፍግ አያሳዩዋት። ውሃም አያብዙባት።
አንዴ ከተተከለች ካለችበት አይንቀሏት፤
ሥሯ ቂመኛ ነው።»

ውሃ አያብዙባት!
ለማን ነው የሚለው?
ሳቅሁበት።

ጠዋት አንድ ጣሳ፣ ማታ አንድ ጣሳ፣
እበት በማዳበሪያ ከነ አባ በዳሳ፣
ከጥላ ወደ ፀሐይ፣ ከፀሐይ ወደ ጥላ፣
ቅጠሏ ሲገረጣ «ጠምቷት ነው» ብዬ ሌላ ጣሳ።
በሦስተኛው ሳምንት ብይዛት ተነቀለች።
ሥሯ ጠቁሯል፣ እንደ ራሰ ገመድ።
ሽታውን አውቀዋለሁ፤
ከግድቡ በታች የተዘጋ ቱቦ ሲከፈት
የሚወጣው ሽታ ነው።

ለቶለሳ አልነገርኩም። ሁለተኛ ገዛሁ፤
«ለጎረቤት ነው» አልኩት።

ይችን የተከልኳት በንዴት ነው መሰል፣
ቤት ሲሠራ ከተረፈው ክምር ላይ፦
ጠጠር፣ የብሎኬት ስባሪ፣ ደረቅ አሸዋ፣
የዛገ ሚስማር፣ የግንበኛ ሲጋራ ቁራጭ።
እስክትይዝ ድረስ ጥቂት አጠጣኋት፣
ከዚያ እጄን ኪሴ ከተትኩ።
እጅን ኪስ ውስጥ ማቆየት ከባድ ሥራ ነው፣
ሠላሳ አንድ ዓመት መዘውር ላዞረ እጅ።

በጋው ገባ።
ጎመኔ ጠወለገ፣ የአጥሩ ጽድ ቢጫ ሆነ።
እሷ ቅጠሏን ሙጫ ተቀብታ፣
በቀትር የነካት ጣት ላይ እየቀረች፣
ግራጫ አረንጓዴ፣ ሻካራ፣ የድመት ምላስ፣
ምንም አልጠየቀችኝም።

ሚያዝያ ላይ አንድ ማለዳ ፈነዳች።
ነጭ፣ አምስት ቅጠል፣
እንቡጥ ውስጥ ተጨምድዶ ያደረ
ያልተተኮሰ መሐረብ፤
በየቅጠሉ ሥር አንዳንድ የወይን ጠጅ ጠብታ።
እትዬ ድንቅነሽ በአጥር አሻግረው
«ታምራለች» አሉ።
ከሰዓት ተመልሰው፣ «የታለች?»
መሬቱን አሳየኋቸው።
«አይ! ለግማሽ ቀን ነው ይሄ ሁሉ ልፋት?»
«ልፋትስ የለባትም» አልኩ። «ችግሩም እሱ ነው።
ነገ ሌላ አላት።»

ነገም ሌላ ነበራት። ከነገ ወዲያም።
ስታበቃ ጫፍ ጫፏን በመቀስ ለቀምኩ፤
እንጨት የሆነውን አልነካሁም፣ ቶለሳ
«ከአሮጌው ከቆረጧት አታቆጠቁጥም» ብሎኛል።
(እኔም ብሆን።)

ከዚያ ሐምሌ መጣ።
የቡራዩ ሐምሌ ቆርቆሮ ይደበድባል፤
የሰማዩ መዘውር ተሰብሯል፣ ዘጊ የለውም።
አንድ ሌሊት ተኝቼ ውሃ ሰማሁ።
ድሮ ቢሆን ግድቡ ሞላ ብዬ እገለበጣለሁ።
ተነሣሁ። ቦቲ አጠለቅሁ። ጃንጥላ ያዝኩ።
በባትሪ ብርሃን በክምሩ ዙሪያ ቦይ ቆፈርኩ፣
ውሃው በጎን እንዲሄድ፣
ከዚያም ቆምኩ፦
ጃንጥላው በሷ ላይ፣ ዝናቡ በኔ ላይ።

የእትዬ ድንቅነሽ መስኮት በራ።
«ጋሽ ክንፈ! ምነው? ምን ሆኑ?»
ምን ልበል?
ሳድለው የኖርኩትን ውሃ
ዛሬ ልከለክል ወጣሁ ልበል?
«ቧንቧ ፈንድቶ ነው» አልኳቸው።
«ውይ! ጡረታም አላስተኛዎ!»
መብራቱ ጠፋ።

ሲነጋ አየሁት። ከቦዩ የወጣው ውሃ
በአጥሩ ሥር ሾልኮ
ወደ እትዬ ድንቅነሽ ጎመን ይወርዳል።
ለቁጥቋጦ ዘግቼ፣ ለጎመን ከፍቼ፣
እርጥብ ቦቲዬን ደጃፍ ላይ ትቼ፣
ገብቼ ተኛሁ።