ቆጣሪ

አቡ ሻጋራ፣ ሻርጃ፤ ከአስር ሰላት በኋላ፣
ነጭ ያሪስ ቆማለች ከሕንጻው ጥላ።
«ሐኪም ነው የነዳት፣ አንድ ሰው» ይላል ናዚር፣
ይምላል፣ በልጆቹ ጭምር።

ሁለት ዘገባ ገዛሁ።
የሃያ ድርሃሙ «እንከን የላትም» አለ፤
የመቶው ቀስ ብሎ ሆዷን ፈነቀለ፦
ጎርፍ ውስጥ ያደረች፣ በሯ የተቀየረ፣
ቆጣሪዋ መቶ ሺህ ወደ ኋላ የዞረ።

ልቆጣ ስል ሳቄ ቀደመኝ።
የኔንስ ቆጣሪ፣ ከሚሴ ላይ፣ ደላላው
ወደ ፊት አልነበር ያኔ ያሽከረከረው?
ዐሥራ ስድስት ዓመቴን ሃያ አምስት አለው፣
ስሜንም እንደ ቦዲ አዲስ ቀለም ቀባው።
መዳሜ ያነበበችው ርካሹን ወረቀት፤
ለሰው የመቶ ድርሃሙ ገና አልተሠራለት።

በሯን ከፈትኩ። የጭቃ ሽታ፣ ስስ፣ ከምንጣፉ ሥር።
«በል ናዚር፣ በእውነተኛ ዕድሜዋ እንነጋገር።»